ካርታው የማያውቀው በር

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት ሳጫውታችሁ፥ በሚቀጥለው ስለ አንድ የአምስት ቀን ሥልጠና እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። እነሆ ቃሌን ልጠብቅ። «ሥልጠና» የሚለውን ቃል ስትሰሙ ገጹን ለመግለጥ እጃችሁ እንደሚቸኩል ዐውቃለሁ፤ እኔም ብሆን ያው ነኝ። ዛሬ ዛሬ ሥልጠና ማለት አዳራሽ፥ የታሸገ ውሃ፥ አበልና በመጨረሻው ቀን ተሰልፈው የሚነሡት ፎቶግራፍ ሆኗል። ይህኛው ግን ከአዳራሹ ወጥቶ እስከ አንድ የቆርቆሮ በር ድረስ ስለ ተከተለኝ፥ እናንተም እስከዚያ በር ድረስ አብራችሁኝ እንድትሄዱ እለምናችኋለሁ።

የማስተምረው በድሬዳዋ፥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ትምህርቱም ጂኦግራፊ ነው። ድሬዳዋን ያላያችሁ እንደ ሆነ፥ ደቻቱ የሚባለው ወንዝ ከተማውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ በምዕራቡ ከዚራ አለ፥ በምሥራቁ መጋላ። ወንዝ ማለቴን እንግዳ ሰው ቢሰማ ይስቅብኛል፤ ምክንያቱም ዓመቱን በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ደቻቱ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፥ ፍየል ይነዳበታል፥ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። «ውሃው የታለ?» ቢባል፥ መልሱ በስተ ደቡብ ያለው ተራራ ላይ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ያህል ስትሆን፥ በደንገጎ በኩል ያለው ደጋ ግን ከ2000 ሜትር በላይ ይወጣል። እዚያ ሲዘንብ እዚህ ላይዘንብ ይችላል፤ ውሃው ግን ሳይጠራ ይመጣል።

እንደዚሁ ሳይጠራ የመጣው በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፥ ለእሑድ ሌሊት ነበር። ከ250 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺህ ሕዝብም ቤት አልባ ሆነ። እኔ ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። የማስታውሰው ድምፁን ብቻ ነው። ባቡር የመጣ መስሎኝ ለአባቴ ነገርሁት፤ አባቴም «በዚህ ሰዓት ባቡር የለም» አለና ተነሥቶ መብራት አበራ። ቤታችን ከፍ ያለ ሥፍራ ላይ ስለ ነበረ እኛን አልነካንም። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ግን፥ መምህርታችን ስም ስትጠራ ሁለት ስሞች ጋ ስትደርስ ዝም ብላ አለፈች። ለምን እንዳለፈች የገባኝ ብዙ ዘግይቶ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥልጠናው ልመለስ። ርእሱ ረጅም ነበረ፤ ባጭሩ፥ የተፈጥሮ አደጋ የሚያሰጋውን ሥፍራ በካርታ ሶፍትዌር መርምሮ ማወቅ ነው። ሶፍትዌሩ ኪውጂአይኤስ ይባላል። በ1994 ዓ.ም. ጋሪ ሸርማን የተባለ የአላስካ ሰው የጀመረው ሲሆን፥ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ያሉ በጎ ፈቃደኞች እየጨመሩበት አድጓል፤ ዋጋም አይከፈልበትም። ለእኛ ለመምህራን ይህ የመጨረሻው ነገር ከሁሉ የሚበልጥ ነው። አሠራሩን ለተማሪዎቼ የማስረዳው በመሶብ ነው። እንጀራ በእንጀራ ላይ እንደሚነባበር፥ የመንገዱ ካርታ በወንዙ ካርታ ላይ፥ የቤቱ ካርታ በመንገዱ ካርታ ላይ ይነባበራል፤ ልዩነቱ ይህኛው እንጀራ ብርሃን የሚያሳልፍ መሆኑ ነው። ከላይ ሆናችሁ እስከ ታችኛው ድረስ ታያላችሁ።

ከሁሉ በታች የሚነጠፈው የምድሩ ከፍታ ነው። ይህም በየካቲት 1992 ዓ.ም. ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኰራኵር በ11 ቀን ውስጥ በራዳር የለካችው ነው። ከዓለም የብስ 80 በመቶ ያህሉን ለክታለች፤ ዝርዝሩም በ2007 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲለቀቅ መጀመሪያ የተለቀቀው የአፍሪካ ነበር። ምድሩ ሁሉ 30 ሜትር በ30 ሜትር በሆኑ ካሬዎች ተከፋፍሎ፥ ለእያንዳንዱ ካሬ አንድ የከፍታ ቍጥር ተሰጥቶታል። እኔም የተወለድሁት በዚያው በ1992 ስለ ሆነ፥ ይህ ልኬትና እኔ እኩያሞች ነን ማለት ነው። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በሁለተኛው ቀን አሠልጣኛችን ውሃ እንዴት መንገዱን እንደሚያገኝ አሳየን። እያንዳንዱ ካሬ ስምንት ጎረቤቶች አሉት። ሶፍትዌሩ አንዱን ካሬ ይይዝና «ከስምንቱ ጎረቤቶችህ ይበልጥ ቁልቁል የሚወስደው የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ውሃውንም ወደዚያ ይሰጣል። ያም ለሌላው፥ ሌላውም ለቀጣዩ ይሰጣል። ከዚያ በፊት ግን በልኬት ስሕተት የተፈጠሩትን ሐሰተኛ ጉድጓዶች መሙላት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ውሃው እዚያው ገብቶ ይቀራል። በመጨረሻ እያንዳንዱ ካሬ የስንት ካሬ ውሃ እንደሚሸከም ይቈጠራል። ቍጥሩ እጅግ የበዛበት ሥፍራ ወንዝ ነው።

ይህን አዝዤ ጥቂት ስጠብቅ፥ በመስተዋቱ ላይ አንድ ሰማያዊ ክር ከደቡብ ተራራ ተነሥቶ እየወፈረ ወረደ። ደቻቱ ነበር! ማንም የወንዙን ስም ሳይነግረው፥ ከቍጥር ብቻ ተነሥቶ ሣለው። ኮሌጅ ሳለሁ ካርታ በእርሳስ መሣል ተምሬአለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን አይቼ አላውቅም። ደግሞም ውሃውን የሚሰበስበው ምድር ሲቀለም፥ ከተማው ከታች በኩል አንዲት ጥፍር ብቻ ሆኖ ቀረ፤ የቀረው ሁሉ ተራራ ነው። ያን ሌሊት አባቴ ወደ ውጭ ወጥቶ ሰማዩን አይቶ «ዝናቡ እኮ ይህን ያህል አይደለም» ያለው ለምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ተረዳሁ።

አሁን ደግሞ ስሕተቴን ልናዘዝ፤ ምክንያቱም ከሥልጠናው ሁሉ የተማርሁት በዚህ ነው። በሦስተኛው ቀን ከአሮጌ ባለ 1፡50,000 የወረቀት ካርታ ላይ ወንዙን ገልብጬ በኮምፒዩተሩ ላይ አስገባሁት። የአገራችን አሮጌ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል የልኬት መነሻ ነው፤ አዲንዳንም በግብፅና በሱዳን ድንበር አጠገብ ያለ ሥፍራ ስም ነው። የዛሬው ስልክና ሳተላይት ግን የሚጠቀሙት በሌላ መነሻ፥ ደብልዩ ጂ ኤስ 84 በሚባለው ነው። ሁለቱን ያለያየ ሰው በእኛ አገር 200 ሜትር ያህል ይስታል። እኔም ሳልለይ «እሺ» የሚለውን ተጫንሁ። ካርታዬ አማረ፤ ቀለሙ ደመቀ፤ ከጎኔ የተቀመጡት የቀበሌ ሠራተኛ እንኳ «አንተስ ልብ አለህ» ብለው አመሰገኑኝ።

አሠልጣኛችን ከኋላዬ መጥቶ ምንም ሳይናገር የሳተላይቱን ፎቶግራፍ ከሥር አበራው። የእኔ ደቻቱ አሸዋውን ትቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተንሸራትቶ በከዚራ በኩል በሰው ጣራ ላይ ይሄድ ነበር። በመጋላ በኩል ያለው ዳርቻ፥ ሰው የሞተበት ዳርቻ፥ ከወንዙ ርቆ አረንጓዴ ሆኖ ቍጭ ብሏል። አረንጓዴ ማለት አያሰጋም ማለት ነው። አሠልጣኙም «ይህን ካርታ አትመህ በቀበሌ ግድግዳ ላይ ብትሰቅለው ስንት ሰው ተኝቶ ያድር ነበር?» አለኝ። ያን ቀን ምሳዬን በደንብ አልበላሁም።

በነገራችን ላይ ድሬዳዋ ሌላም ወጥመድ አለባት። ካርታ ሠሪዎች ዓለምን በኬንትሮስ መስመር ከፋፍለው ለእያንዳንዱ ክፍል ቍጥር ሰጥተውታል፤ አንዱ ክፍል የሚያበቃው በ42ኛው መስመር ላይ ነው፤ ይህም መስመር ከከተማችን በስተ ምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ያልፋል። ስለዚህ ድሬዳዋ በ37ኛው ስትወድቅ፥ ጎረቤታችን ሐረር በ38ኛው ውስጥ ናት። ጫት በማለዳ ከወዲያ ወዲህ የሚመላለስበትን መንገድ በአንድ ካርታ ላይ ለመሣል የሞከረ ሰው ይህን ያውቀዋል።

በአራተኛው ቀን ትምህርቱ ስለ ስጋት ነበር። ጎርፍ ሰው በሌለበት በረሓ ቢወርድ አደጋ ነው፥ ነገር ግን የሚያሰጋው የለም። ስጋት የሚሆነው ቤትና ሰው በመንገዱ ላይ ሲገኝ ነው፤ በዚያም ላይ የጭቃ ቤትና የግንብ ቤት፥ ሮጦ የሚያመልጥ ጎልማሳና አልጋ የያዘ ሽማግሌ እኩል አይጎዱም። ሦስቱም ተባዝተው ነው ቀዩ፥ ቢጫውና አረንጓዴው የሚወጣው። ለመጀመሪያው ሶፍትዌሩ ይበቃል። ለሁለተኛው ከሰማይ የሚታየውን ጣራ መቍጠር ይቻላል፤ በ2002 ዓ.ም. ጥር 4 ቀን በሄይቲ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ፥ በዓለም ዙሪያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ኦፕንስትሪትማፕ በሚባለው ነጻ ካርታ ላይ የፖርት ኦ ፕሬንስን መንገዶች በጥቂት ቀን ውስጥ ከሳተላይት ፎቶግራፍ ገልብጠው ለረድኤት ሠራተኞች አስረክበዋል። ለሦስተኛው ግን የሰው በር ከማንኳኳት በቀር መንገድ የለም። ይህን የሥልጠናው መጽሐፍ በአንድ መስመር አልፎታል።

በአምስተኛው ቀን ሰርቲፊኬቱን ተቀበልን፤ ፎቶግራፉንም ተነሣን። እኔም የታረመውን ካርታ አሳትሜ ወደ ክፍሌ ወሰድሁና በሰሌዳው ላይ ለጠፍሁት። ተማሪዎቹ እንደ ሎተሪ ዕጣ ተጋፍተው የየራሳቸውን ሰፈር ፈለጉ። ጫጫታው ሲበርድ አንዲት የዐሥረኛ ክፍል ልጅ ጣቷን በካርታው ላይ እንዳደረገች «ቲቸር፥ የእኛ ቤት ቀይ ነው፤ ምን እናድርግ?» አለችኝ። እናቷ በመጋላ በኩል በወንዙ ዳር አንድ ክፍል ተከራይታ ሻይ ትሸጣለች። ሌላ ሰፈር ሂዱ ብዬ ልመልስላት? የቤት ኪራይ ስንት እንደ ሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። ከአምስት ቀን ሥልጠና በኋላ ለአንዲት ልጅ ጥያቄ መልስ ማጣት፥ ውድ አንባቢዎቼ፥ ያሳፍራል። «ቅዳሜ እንሂድና እንየው» አልኋት።

ቅዳሜ ጠዋት ሰባት ተማሪዎች፥ አንድ የሜትር መለኪያና የታተመው ካርታ ይዘን ሄድን። መጀመሪያ ያገኘናቸው ደጃፋቸው ላይ ሩዝ የሚለቅሙ አንዲት እናት ነበሩ። ስለ 1998ቱ ጎርፍ ስንጠይቃቸው ሳይመልሱ ተነሥተው ወደ ውስጥ አስገቡን። ግድግዳው ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፤ ነገር ግን በአንድ በኩል ጣት የሚያህል መስመር ሳይቀባ ቀርቷል፤ ከሥሩ የአሮጌ ጭቃ ቀለም ይታያል። በየዓመቱ ለእንቍጣጣሽ ቤቱን ሲቀቡ ያችን መስመር ይዘሏታል። ስንለካት ከወለሉ 1 ሜትር ከ62 ነበረች። ከተማሪዎቼ አራቱ ከመስመሩ በታች ቀሩ።

ቤታቸው በካርታዬ ላይ ቢጫ ነበረ።

«እማማ፥ ውሃው ከወንዙ እስከዚህ ድረስ እንዴት መጣ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ከወንዙ መጣ አትበለኝ፥ ልጄ» አሉኝ፤ «እኛ ሁላችን ወደ ወንዙ ስናይ ከኋላ ነው የመጣብን።» ወደ ጓሮ ወስደውም አሳዩኝ። ከላይ በኩል ውሃው ከወንዙ ወጥቶ በአንዲት ጠባብ መንገድ ገብቶ ቤቶቹን በስተ ኋላ ከቧቸው ነበር። መንገዲቱ ስፋቷ ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ያ የእኔ እኩያ ልኬት ለ900 ካሬ ሜትር አንድ ቍጥር ብቻ ነው ያለው፤ የሦስት ሜትር መንገድ ከወዴት ያየዋል? ከዚህም በቀር ልኬቱ የ1992 ነው። ከጎርፉ ወዲህ በወንዙ ዳር የተሠራውን የግንብ ማገጃ አያውቀውም፤ ከዚያ ወዲህ አሸዋ የሞላበትንም ሥፍራ አያውቀውም።

ይሁን እንጂ ሁልጊዜ ሰው ልክ ነው፥ ካርታው ስሑት ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ትንሽ ዝቅ ብሎ አዲስ ቤት የሠሩ አንድ ጌታ «እዚህ ጎርፍ ደርሶ አያውቅም፤ ይልቅስ ግንቡን አታዩም ወይ?» ብለው ካርታችንን በመዳፋቸው ገፋ አደረጉት። በ1998 እዚያ ቦታ ቤት ስላልነበረ ጎርፍ መድረሱን የሚያስታውስ ሰው የለም፤ ያ ብቻ ነው። ካሬዎቹ ግን ከላይ ያለው ውሃ በዚያ እንደሚያልፍ አንድ በአንድ ቈጥረው ይናገራሉ። ግንቡም ቢሆን የተሠራው ለሚታወቅ ውሃ ነው። እኒህን ሰው ማሳመን አልቻልሁም። ልጃቸው ግን ከእኔ ተማሪዎች አንዱ ስለ ሆነ ነገሩን በእራት ጊዜ እንዲያነሣው ተስማምተናል።

ከዚያ በኋላ ወደዚያች ልጅ ቤት ደረስን። እናቷ ሻይ ቀዳችልን፤ ገንዘብ አልቀበልም አለች። ቤቱን ከቀይ ማውጣት ካልተቻለ፥ ከቀዩ ውስጥ በሌሊት ሮጦ መውጣት ይቻል እንደ ሆነ እንይ ብለን ተነጋገርን። ሶፍትዌሩ አጭሩን መንገድ የሚፈልግ መሣሪያ አለው፤ በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ሠርቼው ስለ ነበር ውጤቱን ይዣለሁ። ከቤታቸው ደጃፍ እስከ ከፍተኛው አስፋልት 130 ሜትር ነው፤ መንገዱም በአንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ በጓሮው በር ገብቶ በፊተኛው በር ይወጣል። 130 ሜትር አሮጊትም በሦስት ደቂቃ ትሄደዋለች። ደስ ብሎኝ ለእናትየዋ በካርታው ላይ አሳየኋት።

እርስዋም አየችኝና «ይሄ በር እኮ ሌሊት ይቆለፋል» አለች።

ሄደን አየነው። የቆርቆሮ በር ነው፤ ከፍታው ሁለት ሜትር ተኩል፥ ከላዩ የተሰባበረ ጠርሙስ ተተክሎበታል። ካርታው ላይ ግን በግቢው ውስጥ የሚያልፈው መንገድ እንጂ በር የለም። በሩ ከተቆለፈ ሌላው መንገድ 460 ሜትር ነው፤ የመጀመሪያው ግማሽ ደግሞ በወንዙ ዳር ቁልቁል የሚወርድ ነው፤ ማለትም ሰውን ወደ ውሃው የሚወስድ ነው። ተማሪዎቼ ይህን በሜትር ሲለኩ አንዳቸውም አልሳቁም።

ዘበኛውን አስጠራናቸው፤ ሽማግሌ ናቸው። «ጋሼ፥ በሩ ስንት ሰዓት ይዘጋል?» አልኋቸው። «ከምሽቱ ሁለት ሰዓት።» «ቁልፉስ?» «በእኔ ዘንድ ነው፤ የማድረው ግን በፊተኛው በር ነው።» «ጎርፍ መጣ ብለን ከዚህ ብንጮህ ይሰማሉ?» እርሳቸውም ወደ ዘብ ቤታቸው የቆርቆሮ ጣራ አመለከቱና፥ «ዝናብ በዚህ ላይ ሲወርድ እንኳን የእናንተን ጩኸት የገዛ ሳሌን አልሰማም» አሉ።

ሰኞ ለግቢው ኀላፊ ደብዳቤ ጻፍሁ። ለጓሮው በር ሁለተኛ ቁልፍ ተቀርጾ በመንደሩ ሰዎች ዘንድ እንዲቀመጥ ነበር የጠየቅሁት። ደብዳቤው በቀበሌ በኩል ይምጣ ተባለ፤ በቀበሌ በኩል ስልከው ደግሞ የንብረት ጉዳይ ስለ ሆነ ይጠናል ተባለ። ይኸው እየተጠና ነው። ዘበኛው ግን በሌላ ቀን መንገድ ላይ አግኝተውኝ ዙሪያቸውን ካዩ በኋላ፥ በደንገጎ በኩል ደመናው በጠቆረ ምሽት የጓሮውን በር መወርወሪያውን ብቻ አድርገው ቁልፉን እንደማይገጥሙት ነገሩኝ። «ለአለቃዬ እንዳትነግርብኝ» አሉኝ። ግቢውን በስም ያልጠራሁላችሁ ስለዚህ ነው።

በሶፍትዌሩ ውስጥ ከእያንዳንዱ ካርታ በስተ ኋላ ሠንጠረዥ አለ፤ የቤቱ ቍጥር፥ የጣራው ዐይነት፥ የነዋሪው ብዛት የሚጻፍበት። ያች የዐሥረኛ ክፍል ልጅ ባለፈው ሳምንት በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ተቀምጣ በሠንጠረዡ ላይ አንድ አዲስ ዓምድ ጨመረች፤ ስሙንም «ሌሊት» አለችው። በዚያ ዓምድ ውስጥ የሚጻፈው በሩ በሌሊት ይከፈት እንደ ሆነና ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ነው። እስካሁን ዘጠኝ በሮች ተሞልተዋል። የዚያን የቆርቆሮ በር ረድፍ ስትሞላ ግን ቆም ብላ «ቲቸር፥ ‹ደመና ካለ ይከፈታል› ብዬ ልጻፍ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጻፊ አልኋት።

በመጪው ቅዳሜ በከዚራ በኩል ያሉትን በሮች እንጀምራለን። የሜትር መለኪያችን ግን አጭር ነው፤ ባለ 50 ሜትር የሚያውሰን ሰው አላጣሁም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።